«ንጹሕ አይደለሁም» ያለችኝ ለት

ቄስ ነኝ። የሰው ኃጢአት ስሰማ የኖርኩ ሰው የራሴን ለመናገር ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። አሁንም ብዕር ያነሣሁት ባለቤቴ በልጃችን በኩል ፈቃዷን ስለላከችልኝ ነው። ስሟን ግን ቀይሬዋለሁ፤ አበቡ እላታለሁ።

አገራችን ላስታ ነው፤ ከላሊበላው መኪና መንገድ ወርዶ በእግር ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ። ያኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ድምፄ ያማረ፣ ምላሴ የሚቆርጥ ቄስ ነበርኩ። ሰው ይፈራኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ የሚያከብረኝ ይመስለኝ ነበር። አበቡ ራሷ «አንቱ» ስትለኝ ነው የኖረችው። ሚስት ሆና ወደ ቤቴ ከገባችበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን «አንተ» ብላኝ አታውቅም።

የተጋባነው በቁርባን ነው። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው፤ የቄስ ሚስት ከሌላ ሰው ከደረሰች ቄሱ ወይ ሚስቱን ይለቃል፣ ወይ ክህነቱን። መሃል መንገድ የለም። የኔም ጣጣ የመጣው በዚሁ በኩል ነው።

ሰባት ወልዳልኛለች፤ አምስቱ አሉ። የመጨረሻዋ ትንሿ ከተወለደች ወዲህ አበቡ ሌላ ሰው ሆነች። ጎንበስ ስትል «ወገቤን»፣ ቀና ስትል «ወገቤን»። እኔም ከገበያ የማስታገሻ ክኒን እገዛላታለሁ፣ ጠበል አመጣላታለሁ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። ምን ልጠይቅ? በኛ አገር ወገቡን የማያመው ማን አለ?

ቀጥላ መኝታ ለየች። ከልጆቹ ጋር መደብ ላይ መተኛት ጀመረች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነካካንም። ከዚያ መቁረብ ተወች። ከዚያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መግባቱም ቀረና፣ ሰንበት በመጣ ቁጥር ከቅጥሩ ውጭ ወይራው ሥር ቆማ የምታስቀድስ ሆነች። መጀመሪያ የወር አበባዋ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የወር አበባ ግን ዓመት አይቆይም።

አንድ ቀን ማኅበር ላይ አያ በላይ የሚባሉት የሰበካችን ሽማግሌ ጠላቸውን ያዝ አድርገው፣ «ቄስ፣ ሰው ሁሉ ገብቶ ባለቤትዎ ብቻ ውጭ የምትቀረው ወይራውን እንዳይሰርቁት ነው?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? እኔን ንቀው ነው አልኩ። የናቁኝ ደግሞ የማላውቀውን አውቀው ነው አልኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዐይኔ ሥራ ያዘ። አበቡ ሰው ሳይነሣ ብቻዋን ወንዝ እንደምትወርድ አየሁ። ውሃ ለመቅዳት እንዳልል ጄሪካን አትይዝም። ሣጥን ውስጥ የነበረ አሮጌ ነጠላዬ ጠፋ፤ ብጠይቃት «አይጥ በልቶት ጣልኩት» አለችኝ። አይጥ የበላውን ጨርቅ ግን ማንም አያጥበውም፤ እኔ ደግሞ ታጥቦ ከጓሮ አጥር ላይ የተሰጣ ቅዳጁን አይቻለሁ።

ቅዳሜ ለት ጎህ ሲቀድ ተከተልኳት። ከወንዙ በላይ አጋም ቁጥቋጦ አለ፤ ከዚያ ሥር ተንበርክኬ ጠበቅሁ። ሰው ይመጣል ብዬ ነው የጠበቅሁት፤ የሚመጣውንም ሰው በልቤ ሦስት አራት ስም ሰጥቼው ነበር። ማንም አልመጣም። አበቡ ዙሪያዋን አየችና ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ወደ ታች ሰዳ ታቃስት ጀመር። ምጥ ላይ ያለች ሴት የምታቃስተውን ማቃሰት ከግድግዳ ማዶ ሰባት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ይህም ያንኑ መሰለኝ። ቆየችና ከሥሯ ሁለት ቅዳጅ ጨርቅ አወጣች። ደም ነበረበት። አንዱን አጠበችው፤ ሌላውን ግን ሳታጥብ ከድንጋይ ሥር ቀብራው ሄደች።

ስትርቅ ወርጄ ድንጋዩን አነሣሁ። የኔው ነጠላ ነው። በደም ርሷል፤ መግልም ነበረው፤ ሽታውም ሌላ ነው። እዚያው ቆሜ አሰብኩት። ሁለት ዓመት አልነካኋትም። ቁርባን ትታለች። አሁን ደግሞ ደም። ጽንስ አስወረደች አልኩ፤ የሌላ ሰው ጽንስ። እንዲህ ብዬ ስጨርስ ከመናደዴ በፊት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። በመጨረሻ አወቅሁ አልኩ። ጨርቁን በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንን አባ ገብረ መድኅንን፣ አያ በላይንና ሌላ አንድ ሽማግሌ ይዤ ወደ ቅጥሩ በር ወጣሁ። አበቡ እንደ ልማዷ ወይራውን ተደግፋ ቆማለች። ከቅዳሴ የወጣውም ሰው ነገር እንዳለ ሲያይ እግሩ ከበደው፤ አንዱም አልሄደ።

«አበቡ፣ የተጠራሽበትን ታውቂያለሽ?» አሏት አያ በላይ።

«አላውቅም።»

ጨርቁን አውጥቼ ዘረጋሁት። አየችውና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ሲያፍር አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን የጥፋተኛ እፍረት መሰለኝ።

«ከየት አመጡት?» አለችኝ በቀስታ።

«ከቀበርሽበት።»

አባ ገብረ መድኅን ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ዝም አሰኙኝና፣ «ልጄ፣ ሰው ብዙ ይላል። ነገሩን ማብረድ ቀላል ነው። ግቢ፣ ከሥዕሉ ፊት ቁሚ፣ ከባሌ ሌላ አላውቅም ብለሽ ማይ። እዚሁ ያበቃል» አሏት።

በሩ ክፍት ነው። ከቆመችበት አሥር እርምጃ አይሞላም። አበቡ በሩን አየችው፤ እግሯንም አንሥታ ነበር፤ አይቻለሁ። ከዚያ መለሰችው።

«አልገባም አባቴ።»

«ምነው?»

«ንጹሕ አይደለሁም።»

አያ በላይ አማተቡ። ከኋላ አንዲት ሴት «እሰይ አለ ሰይጣን» ስትል ሰማሁ። እኔ ሌላ ምን ልጠብቅ? በአፏ ነው የተናገረችው። ከንግዲህ ወይ እሷ ወይ ክህነቴ ነው፤ እኔ ደግሞ የመረጥኩት ከቤት ሳልወጣ ነው።

«ፈትቻታለሁ» አልኩ።

«ቆይ ልጄ፣ ቆይ» አሉኝ አባ። «ለብቻዋ ላናግራት።»

«ምን ቀረ አባቴ? እናንተ ሁላችሁ ሰምታችኋል። እኔ ፈትቻታለሁ።»

አበቡ «አንቱ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ከፊቷ የቆምነው ሁላችን ወንድ ነን። ማናችንም «ንጹሕ ያልሆንሽው ከምንድን ነው?» ብለን አልጠየቅናትም። አንድ ጥያቄ ነበር የቀረው፤ አራት ሽማግሌ ቆመን ያቺን አጣናት።

ከሰዓት በኋላ ልብሷን ጠቅልላ በጀርባዋ አዘለች። ትንሿን ግንባሯን ሳመቻት። እኔ ደጅ ተቀምጬ መጽሐፍ ያነበብኩ መስዬ ነበር። ትልቋ ልጃችን ጥሩወርቅ ጋሸና ላይ ምግብ ቤት አላት፤ ወደዚያ ነው የሄደችው፤ መኪና መንገድ እስክትደርስ ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ። «ደህና ይሁኑ» አለችኝ። አልመለስኩላትም።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጥሩወርቅ ደወለች።

«አባ፣ እማን ሽንት ከለከላት። ከትናንት ጀምሮ ጠብ አላለላት፤ ሆዷ ተነፍቷል። ላሊበላ ሆስፒታል አስገብቻታለሁ። ይምጡ።»

«ለኔ ለምን ትነግሪኛለሽ? በሰው ፊት ያለችውን ሰምተሻል።»

«አባ፣ እኔ ያየሁትን እርስዎ መጥተው ይስሙ። ካልመጡ ግን ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም» አለችና ዘጋችው።

ሄድኩ። በፍቅር ሄድኩ ብል እዋሻለሁ። ያስወረደችው ጽንስ ሊገድላት ነው ብዬ፣ ሳትናዘዝ እንዳትሞት ነው የሄድኩት። መስቀሌን ያዝኩ። ጨርቁም ያው በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ኪሴ ውስጥ ነበር። ዳገቱን ወጥቼ መንገድ ዳር ብዙ ቆምኩ፤ አንድ አይሱዙ አሳፈረኝ። ሾፌሩ «አባ፣ ይባርኩኝ» አለኝ። ባረክሁት። መንገዱን ሁሉ ምን ብዬ እንደምቆጣት ሳጠና ሄድኩ።

ጥሩወርቅ ከበሩ ላይ አየችኝና መስቀል ሳትሳለም ወደ አንዲት ነርስ መራችኝ። ነርሷ በልጄ ዕድሜ ያለች፣ ዐይኗ የደከመ ሴት ናት።

«ባለቤቷ እርስዎ ነዎት አባቴ?»

«ነበርኩ» አልኳት። «ልጄ፣ አትደብቂኝ። ጽንሱን አስወርዳ ነው አይደል?»

«የምን ጽንስ?»

ጨርቁን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። ገለጥ አድርጋ አየችው፤ አልተጸየፈችውም። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስካሁን አልረሳሁትም።

«ይቀመጡ አባቴ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። «ባለቤትዎ ጽንስ አላስወረደችም። ማህፀኗ ነው የወጣው። ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከጭኗ መሃል ነው ያለው። ጨርቅ ሲፈትገው ቆስሏል፤ ይህ ደም የቁስሉ ነው። ሲወጣ የሽንት ፊኛውንም አብሮ ጎትቶታል፤ ሽንቱ የታገደው ለዚያ ነው። አሁን በቱቦ አውጥተንላታል። ተርፋለች።»

«ማህፀን ይወጣል?» አልኩ። ሰባት የወለደች ሴት ባል፣ አርባ ስምንት ዓመት የኖርኩ ሰው፣ የጠየቅሁት ይህን ነው።

«ይወጣል። አገልግል በጠፍር ተንጠልጥሎ አይተዋል? ማህፀንም ከላይ በጅማት ተይዞ፣ ከታች በጡንቻ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። ብዙ ወሊድ፣ የረዘመ ምጥ፣ ከወለዱ በኋላ ቶሎ ሸክም፣ ሲቆይ ደግሞ ዕድሜ፣ ያን ጠፍር ያላላዋል። ሲላላ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚከብድ፣ የሚጫን ነገር ይሰማታል፤ ሲመሽ ይብሳል፣ ስትተኛ ይመለሳል። እየቆየ ወደ ውጭ ይመጣል። ባለቤትዎ በእጇ እየመለሰች ነው ስትኖር የኖረችው።»

ወንዝ ዳር ያየሁት ያ ነበር። ሁለት እጇ፣ ማቃሰቷ። ወንድ የምጠብቅበት ቁጥቋጦ ሥር ሆኜ ያየሁት ሚስቴ የወጣ አካሏን ስትመልስ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ሰባት ዓመት ትላለች። የመጨረሻዋን ከወለደች ወዲህ። ከወለደች በስንት ቀኗ ነው ሸክም የያዘችው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። አልተናገርኩትም እንጂ አውቀዋለሁ። ትንሿ በተወለደች በአሥረኛው ቀን የማኅበር ተራዬ ደረሰ። እንግዳ ሊመጣ ቤት ውስጥ ውሃ አልቋል። አበቡ «ከጎረቤት ላስመጣ» አለችኝ። እኔ «የቄስ ቤት ውሃ ይለምናል?» አልኳት። ባለ ሃያ ሊትሩን ጄሪካን አዝላ ከምንጩ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በሦስተኛው አውርዳ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ወገቤን» አለችኝ።

የመጀመሪያዋ «ወገቤን» ያቺ ነበረች።

ነርሷ መናገሯን አላቆመችም። እርግማን እንዳልሆነ፣ አባለዘር እንዳልሆነ፣ የዝሙት ምልክትም እንዳልሆነ ነገረችኝ። በጊዜ ቢመጡ የታችኛውን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዳለ፣ ወደ ላይ ደግፎ የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት እንደሚገባ፣ ከዚህ ሲያልፍም በቀዶ ጥገና እንደሚስተካከል አስረዳችኝ። «ሴቶቹ ሲመጡ ወገቤን ነው የሚሉን» አለችኝ። «እኛም ካልጠየቅናቸው ክኒን ሰጥተን እንሸኛለን።»

ወደ ተኛችበት ክፍል ገባሁ። አበቡ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ቱቦው ከአልጋው ሥር ከተንጠለጠለ ከረጢት ገብቷል። አጥንቼ የመጣሁት ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

«አበቡ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሳትዞር መለሰችልኝ። «በምን አፌ ልንገርዎ? ይህ ለወንድ ይነገራል? እርስዎ መሠዊያ የሚነኩ ሰው ነዎት። ሲፈሰኝ እየዋለ እንዴት አብሬዎት ልተኛ? እንዴት ቁርባን ልቀበል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።»

«ያን ለት በሩ ላይ እንኳ…»

«ነገርኳችሁ እኮ። ንጹሕ አይደለሁም አልኳችሁ። ከምን ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ጥሩወርቅ ገብታ ለእናቷ ሾርባ አጠጣቻት፤ እኔን እንደ ጎረቤት ጠያቂ ነው ያየችኝ።

ቁስሉ እስኪሽር ሁለት ሳምንት ተኛች፤ ከዚያ ቀዶ ጥገናው ተሠራላት። በደህና ወጣች። ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሣ ተባለች። እኔ በመሃሉ አገር ቤት ተመልሼ፣ በዚያው በር ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አቆምኩ። ምን እንደማወራ አስቀድሜ ጠይቄያታለሁ፤ «ይንገሩ፣ ሌላዋ ትስማ» ብላኛለች። ነገርኳቸው። «ሚስቴ ንጽሕት ናት፤ ሐሰተኛው እኔ ነኝ» አልኩ። የሆነውንም በስሙ ጠርቼ ነገርኳቸው። አያ በላይ አንገታቸውን ደፉ። አባ ገብረ መድኅን ቀኖና ሰጡኝ፤ ፈጸምኩት። ሰውም «ቄሱ ትልቅ ሰው ነው» አለ፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አመመኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ቃሌን ብመልስ፣ አበቡ ያን ለት በዚያ ሁሉ ዐይን ፊት የቆመችውን መቆም ማን ይመልስላታል?

አንባቢ ሆይ፣ በተለይ ወንድ የሆንክ፣ ከዚህ በላይ ልሰብክህ አልፈልግም። ስብከት ስሰብክ ነው እዚህ የደረስኩት። አንድ ነገር ብቻ ልበልህ። ቤትህ ውስጥ «ወገቤን» የምትል ሴት ካለች፣ ሚስት ትሁን እናት፣ ክኒን ከመግዛትህ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምር። አንተን ካፈረች እህትህ ትጠይቃት፣ የቀበሌዋ የጤና ሠራተኛ ትጠይቃት። ያን ቀን በር ላይ ከተናገርኩ ወዲህ ከሰበካችን ሴቶች ሆስፒታሉ የት እንደሆነ ጥሩወርቅን በስልክ የጠየቁ አሉ። አንዷ፣ ጥሩወርቅ በኋላ ከሴትዮዋ ፈቃድ ይዛ እንደነገረችኝ፣ ያን ለት ከኋላዬ «እሰይ አለ ሰይጣን» ያለችው ናት። እሷም ደብቃ ኖራለች።

ለካህናት ወንድሞቼም፤ ከበር ውጭ የምትቆም ሴት ስታዩ የቆመችበትን ምክንያት አታውቁትም። እኔም አላውቀውም ነበር፤ አውቃለሁ ስል ነው የጠፋሁት።

አበቡ ስድስት ሳምንቷን ጨርሳ ለደብራችን ንግሥ ከጥሩወርቅ ጋር መጣች። ነጭ ለብሳለች። ወይራውን አልፋ፣ በሩን ተሳልማ፣ ከዓመት በላይ ቆይታ ገባች። እኔ ቅድስት ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ዜማው ከአፌ ጠፋ። ቅዳሴው ሲያልቅ ካህናቱ ተሰልፈን መስቀል አሳለምን። የኔ ጋ ስትደርስ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አለፈችኝና ከጎኔ የቆሙትን ቄስ መስቀል ተሳለመች።

ከበሩ ውጭ ተከትያት ወጣሁ። ሰው ቢያይም ግድ አልሰጠኝም። በሕይወቴ ሙሉ ሰዎች ከኃጢአታቸው እንድፈታቸው ለኔ የሚሉትን ቃል፣ ያን ቀን እኔ አልኩት።

«አበቡ፣ ፍቺኝ።»

ቆመች። ስትቆም ወይራውን አልተደገፈችም። ፊቴን ትኩር ብላ አየችው።

«መፍታቱንስ አንተ ታውቅበታለህ» አለችኝ። «እዚህችው በር ላይ በሰው ፊት ፈታኸኝ። እኔ አልተማርኩትም።»

አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ትንሿ ሮጣ መጥታ እጇን ያዘቻት። ጓዙን ጥሩወርቅ አዘለችው። ሦስቱ ዳገቱን ወጡ፤ አበቡ በጀርባዋ ምንም አልያዘችም።